የኦስሞሲስ ሞዴሎች ከቀፊራ ገበያ፦ የትኛው ሕዋስን ያስረዳል፣ የትኛው ያሳስታል?

ኦስሞሲስን (ውሃ በስስ ሽፋን አልፎ ወደ ጠንካራው ፈሳሽ መሄዱን) እና ዲፍዩዥንን (ቅንጣቶች ከበዙበት ወዳነሱበት መሰራጨታቸውን) በተግባር ለማሳየት ከውጭ የሚመጣ ኪት መጠበቅ የለበትም። ዘንቢል ይዞ ወደ ድሬዳዋው ቀፊራ ወይም ወደ ሐረሩ ሸዋ በር ገበያ የወጣ መምህር፣ ሲመለስ አንድ መድኃኒት ቤት ጎራ ካለ፣ ለአንድ ክፍል የሚበቃ ዕቃ ይዞ ይገባል። ድንች፣ እንቁላል፣ አቼቶ፣ ስኳር፣ ጨው፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ስስ ነጭ ፌስታል፣ አዮዲን፣ ሲሪንጅ። ዕቃው ሞልቷል። የሚቸግረው የትኛው ሞዴል ለየትኛው ጥያቄ እንደሚሆን መለየቱ ነው።

እዚህ የመዘንናቸው በሦስት ነገር ነው። ቁጥር ይሰጣል ወይ? የድሬዳዋን ሙቀት ይችላል ወይ? ከእውነተኛው ሕዋስ የሚለየው የቱ ጋ ነው? ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። ልዩነቱ ካልተነገረው ተማሪው የፌስታሉን ጠባይ የሕዋስ ጠባይ አድርጎ ይይዘዋል፤ አንዴ ከያዘው ደግሞ ማስለቀቅ አድካሚ ነው።

ድንች (ከ10 9)

በጀት ለአንድ ሞዴል ብቻ የሚበቃ ከሆነ ድንች ይገዛ። ከሐረማያ ዙሪያ የሚወርደው የሐረርጌ ደጋ ድንች ጠንካራና ውሃ የያዘ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው። የተጨማደደው፣ የበቀለው፣ አረንጓዴ የሆነው ይለፍ። የተጨማደደ ድንች ቀድሞ ውሃ አጥቷል፤ በሕዋሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ስለጠነከረ ውጤቱ ወደ ከፍተኛው የስኳር ክምችት፣ ማለትም ወደ ጠንካራው የስኳር ውሃ፣ ይሸሻል።

ልጡ ተልጦ 1 በ1 በ4 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በቢላ ይቆረጣል። አንዱ ቁራጭ 4 ግራም ከትንሽ ይመዝናል። ለስድስት ብርጭቆ ሦስት ሦስት፣ በጠቅላላው 18 ቁራጭ ያስፈልጋል። አንድ ድንች ካልበቃ ከሁለት ድንች ይቆረጥ፤ ግን የሁለቱም ቁራጭ በእያንዳንዱ ብርጭቆ ውስጥ ይግባ። የመጀመሪያውን ድንች ለሦስቱ ብርጭቆ፣ ሁለተኛውን ለቀሩት መስጠት ድንችን ከድንች ማወዳደር እንጂ ክምችትን ከክምችት ማወዳደር አይሆንም። ልጥ የቀረበት ቁራጭም አይገባም፤ ልጡ ውሃ አያሳልፍም።

የስኳር ውሃው 0፣ 0.2፣ 0.4፣ 0.6፣ 0.8 እና 1.0 ሞላር (በአንድ ሊትር ውስጥ ያለ የሞል ብዛት) ይሁን። የሻይ ስኳር ሱክሮስ ስለሆነ ሌላ ኬሚካል መፈለግ አያሻም። ለ100 ሚሊ ሊትር የሚገባው ስኳር ከ0.2 ጀምሮ በቅደም ተከተል 6.8፣ 13.7፣ 20.5፣ 27.4 እና 34.2 ግራም ነው። ብዙ ቦታ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ተለክቶ ስኳሩ ይጨመርበታል። ስኳር ራሱ ቦታ ይይዛል። 34.2 ግራም ስኳር 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ ሲጨመር ፈሳሹ ወደ 121 ሚሊ ሊትር ይደርሳል፣ 1.0 የተባለውም በእርግጥ 0.82 ሞላር ሆኖ ይቀራል። ትክክለኛው አሠራር ስኳሩን በ60 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሙቶ ከዚያ እስከ 100 መሙላት ነው። መለኪያ ብልቃጥ ከሌለ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ባለ 50 ወይም ባለ 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይበቃል።

ቁራጮቹ ከመግባታቸው በፊት በሶፍት ደረቅ ተደርገው ይመዘኑ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ወጥተው በዚያው አኳኋን ይደረቁና እንደገና ይመዘኑ። «በዚያው አኳኋን» የሚለው ቀላል ነገር አይደለም። 4 ግራም ቁራጭ ላይ የተንጠለጠለ 0.2 ግራም ውሃ 5 ከመቶ ስሕተት ነው፤ አንዳንዱ ውጤት ራሱ ከዚያ አይበልጥም። ተጨምቆ ከደረቀ ደግሞ ከሕዋሱ ውሃ ይወጣል። አንዴ በየጎኑ በሶፍት ላይ ማንከባለል በቂ ነው። የወርቅ ሚዛን ካለ እያንዳንዱን ለብቻ፤ ያለው ሚዛን 0.1 ግራም ብቻ የሚያነብ ከሆነ ግን ሦስቱን አንድ ላይ መመዘን ስሕተቱን ከ1 ከመቶ በታች ያደርገዋል።

የሚጻፈው የግራም ልዩነት ሳይሆን የመቶኛ ለውጥ ነው፦ ከኋለኛው ክብደት የመጀመሪያው ይቀነስ፣ ለመጀመሪያው ይካፈል፣ በ100 ይባዛ። በግራፍ ሲሳል መስመሩ ዜሮን የሚያቋርጥበት ቦታ በአብዛኛው ከ0.2 እስከ 0.4 ሞላር መካከል ነው። እዚያ ነጥብ ላይ የሚገባው ውሃና የሚወጣው ውሃ እኩል ነው። ውሃ ቆሟል ማለት አይደለም፤ ይህን ደግሞ ደጋግሞ መናገር ይገባል።

ከነጥቡ ተነስቶ ግፊት ማስላትም ይቻላል። በ1901 የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ኖቤል ያገኘው ቫንት ሆፍ ባስቀመጠው ቀመር፣ 0.3 ሞላር የስኳር ውሃ በ27 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 7 ተኩል የከባቢ አየር ግፊት አለው። የቤት መኪና ጎማ ውስጥ ካለው አየር የሚበልጥ ግፊት በአንድ ተራ ድንች ውስጥ መኖሩ ተማሪን ያስደምማል፣ ቢያስደምመውም ተገቢ ነው።

ድንች የሚያሳስተው በአንድ ነገር ነው፦ የሕዋስ ግድግዳ አለው። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይወጠራል፣ ሲጫኑት ይጠነክራል፣ ግን አይፈነዳም። ቀይ የደም ሕዋስ እዚያው ውሃ ውስጥ ቢገባ ይፈነዳል። ይህ ሳይነገር የቀረበት ክፍል «ሕዋስ ውሃ ሲበዛበት ይጠነክራል» ብሎ ይወጣል። ሌሊቱን ሙሉ ማሳደርም በድሬዳዋ አይመከርም፤ ጠዋት ላይ ፈሳሹ ደፍርሶ፣ ድንቹ ላሽቆ ይገኛል። ከዚያ በኋላ የሚመዘነው ባክቴሪያ የሠራውን ነው።

በስኳር ፈንታ ጨው መጠቀም ይቻላል፣ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ጨው ሲሟሟ ለሁለት ይከፈላል፣ የአንዱ ሞል ክብደትም 58.5 ግራም ብቻ ነው። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለ 0.9 ግራም ጨው 10 ግራም ከሚሆን ስኳር ጋር የሚቀራረብ ጉልበት አለው። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው የተጨመረበት ብርጭቆ ድንቹን ወዲያው የሚያልፈሰፍሰውም ለዚህ ነው።

እንቁላል (ከ10 7)

ለዓይን የሚበልጠው የለም። ለቁጥር ግን ይደክማል።

እንቁላሉ አቼቶ ውስጥ ሙሉ በሙሉ እንዲሰጥም ተደርጎ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆያል። ከገባ ከ12 ሰዓት በኋላ አቼቶው ይቀየር። አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ ክዳኑ ጠብቆ አይዘጋ። ቅርፊቱ ሟምቶ ሲያልቅ በቧንቧ ውሃ በጣት ቀስ እየተደረገ የቀረው ነጭ ዱቄት ይታጠባል። ከዚያ አንዱ ወደ ውሃ፣ ሌላው እኩል በእኩል ክብደት ወደተበጠበጠ የስኳር ሽሮፕ ይገባል። በነጋታው አንዱ ተወጥሮ፣ ሌላው ተኮማትሮ ቁጭ ይላል።

የመጀመሪያው ክብደት መመዘን ያለበት ቅርፊቱ ከወጣ በኋላ ነው። ከአቼቶ በፊት የተመዘነ እንቁላል ለስሌት አይረዳም፦ ቅርፊቱን አጥቷል፣ ከአቼቶው ደግሞ ውሃ ጠጥቷል፤ ሁለቱ በተቃራኒ ይሄዳሉ። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ትንሽ ቢሆንም ችግር የለውም፣ መቶኛ እስከተሰላ ድረስ። ስንጥቅ ያለበት ግን ይለይ፤ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋን በዚያው በኩል ይቀደዳል።

ያ ስስ ሽፋን የፕሮቲን ክር የተጠላለፈበት ነው እንጂ የሕዋስ ሜምብሬን አይደለም። ሜምብሬን ሁለት ድርብ ቅባት ሆኖ በውስጡ የውሃ በሮች አሉት፤ እነዚህን በሮች ያገኘው ፒተር አግሬ በ2003 የኖቤል ተሸላሚ ሆኗል። እንቁላሉ የሚያሳየው «ውሃ ያልፋል፣ ትልቁ ፕሮቲን አያልፍም» የሚለውን ብቻ ነው። ያም ቢሆን የተከበረ ዘር አለው፦ በ1748 ፈረንሳዊው ኖሌ ኦስሞሲስን ያየው በእንስሳ ፊኛ የተሸፈነ የአልኮል ዕቃ ውሃ ውስጥ አስገብቶ፣ ፊኛው ሲወጠር ነው። እንቁላሉ የዚያ ሙከራ የቅርብ ዘመድ ነው።

ሙቀት በሚበረታበት ወር እንቁላሉ በፍሪጅ ወይም በጥላ ይቀመጥ። ከነካ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ ማንም እንዳይበላው ይነገር።

ፌስታልና ዳያሊሲስ ቱቦ፦ ሁለቱን አንድ ማድረግ ትልቁ ስሕተት

በየክፍሉ የሚሠራው ይህ ነው፦ ስታርች ፌስታል ውስጥ፣ አዮዲን የገባበት ውሃ ብርጭቆ ውስጥ። ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ ፌስታሉ ውስጥ ያለው ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፣ ውጭ ያለው ቡናማ እንደሆነ ይቀራል። ያምራል። መምህሩም «ፌስታሉ ቀዳዳ አለው፣ ትንሹ አዮዲን አለፈ፣ ትልቁ ስታርች ቀረ» ይላል።

አባባሉ ለፌስታል አይሠራም። አዮዲን የሚያልፈው በቀዳዳ ሳይሆን በፕላስቲኩ ውስጥ እየሟሟ ነው፤ ቅባት ወዳድ ስለሆነ። ከአዮዲን በጣም የምታንሰው የውሃ ሞለኪውል ግን በዚያው ፌስታል በቀላሉ አታልፍም፤ ባለማለፏም ነው ፌስታል ውሃ የሚይዘው። እንግዲህ በፌስታል ኦስሞሲስን ማሳየት አይቻልም። ክብደቱን መዝኖ «ውሃ ገባ» ማለትም ሐሰት ነው። ነገር ግን ፌስታሉን አንጥለውም፤ ኦክስጅንና ቅባት ወዳድ ሆርሞን የሕዋሱን የቅባት ሽፋን እየሟሙ የሚያልፉበትን መንገድ ከዚህ በርካሽ የሚያሳይ ሞዴል የለም። ለዚያ ጥያቄ ብቻ ይዋል። ከ10 5።

የቀዳዳውን ነገር የሚያሳየው ዳያሊሲስ ቱቦ ነው። ከሴሉሎስ የተሠራ ሲሆን የተለመደው ዓይነት ከ12,000 እስከ 14,000 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) የሚደርሰውን ያሳልፋል። ውሃ 18፣ ግሉኮስ 180፣ ሱክሮስ 342 ናቸውና ሁሉም ያልፋሉ፤ ስታርች ይቀራል። እዚህም ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ቱቦው ውስጥ የስኳር ውሃ አድርጎ መጀመሪያ ላይ ክብደቱ ሲጨምር ያየ ሰው «ስኳር አያልፍም» ብሎ ይደመድማል። ያልፋል፣ ከውሃ ይዘገያል እንጂ። ለጥቂት ሰዓት ቢተው ስኳሩ ሾልኮ ልዩነቱ ይጠፋል። በሕያው ሕዋስ ግን ሱክሮስ ያለ ተሸካሚ ፕሮቲን ሾልኮ አይወጣም።

አሠራሩ፦ 15 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ይለስልስ፣ በሁለት ጣት እየታሸ ይከፈት። አንዱ ጫፍ ታጥፎ በክር ሁለት ጊዜ ይታሰር። 1 ግራም ቡላ ወይም የበቆሎ ስታርች በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ተፈልቶ ይቀዝቅዝ፤ ትኩስ ስታርች ላይ አዮዲን ሰማያዊ ቀለም አይሰጥም። ለዚያ 5 ግራም ግሉኮስ ይጨመርበት። ቱቦው እስከ አንገቱ አይሞላ፤ ውሃ የሚገባበት ቦታ ይቅርለት። ከታሰረ በኋላ ውጪው በደንብ ይታጠብ፣ ከዚያ አዮዲን ወደገባበት ውሃ ይግባ። ስታርች ውጭ ተገኘ ተብሎ ክርክር የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ባልታጠበ ጠብታ ነው።

ግሉኮሱ መውጣቱን ለማየት ቤኔዲክት (ግሉኮስን በቀለም ለውጥ የሚያሳይ ፈሳሽ) ካለ ከፈላ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ ማሞቅ፤ ከሌለ የሽንት ስኳር መመርመሪያ ወረቀት ከመድኃኒት ቤት። ወረቀቱ የሻይ ስኳርን አያውቅም፣ ግሉኮስን ብቻ ነው። አዮዲንን በተመለከተ በአልኮል የተበጠበጠው ቲንክቸር ከፖቪዶን አዮዲን ይሻላል፤ ፖቪዶን ትልቅ ሞለኪውል ስለሆነ አዮዲኑን አጥብቆ ይይዘዋል፣ ማለፉን ያዘገየዋል።

ቱቦው ገበያ ላይ አይገኝም፣ ከላቦራቶሪ ዕቃ አቅራቢ ነው የሚታዘዘው። አንድ ጥቅል ግን ብዙ ክፍል ያዳርሳል። ከ10 8።

ጄሊ ኩብ (ከ10 8፣ በአጋር ከተሠራ)

ሕዋስ ለምን ትንሽ ሆነ ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። 2 ግራም አጋር በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ተፈልቶ፣ በከርከዴ ውሃ ተቀልሞ፣ ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ሰማያዊ እስኪዞር ድረስ ቁንጥር ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ይጨመርበታል። ሲረጋ 1፣ 2 እና 3 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሆኖ ይቆረጣል፤ አቼቶ ውስጥ ይገባል። አሲዱ የደረሰበት ሁሉ ይቀላል። የከርከዴ ቀለም በሶዳ ውስጥ ሲያድር ይደበዝዛልና በዚያው ቀን ይሠራ።

አሲዱ በሦስቱም ኩብ 3 ሚሊ ሜትር ጠልቆ ሲገባ ወጥተው ለሁለት ይሰንጠቁ። ጥልቀቱ አንድ ነው፤ የተዳረሰው መጠን ግን በትንሹ 94 ከመቶ፣ በመካከለኛው 66፣ በትልቁ 49 ከመቶ ገደማ ነው። የገጽታና የይዘት ንጽጽሩ 6፣ 3 እና 2 መሆኑ ከዚህ በኋላ ሰሌዳ ላይ ቢጻፍ ይገባል። በዲፍዩዥን ርቀት እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። ግሉኮስ በውሃ ውስጥ 10 ማይክሮ ሜትር ለመሄድ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል፤ 1 ሴንቲ ሜትር ለመሄድ ግን አንድ ቀን ሊሞላ ይደርሳል።

በአጋር ፈንታ ጀላቲን የሚያዘጋጁ አሉ። ሁለት ምክንያት ያስቀረዋል። ጀላቲን በ35 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ የድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለዚያ ሩቅ አይደለም። ሌላው፣ ጀላቲን ከየትኛው እንስሳ እንደተሠራ ብዙ ጊዜ አይጻፍበትም፤ በድሬዳዋም በሐረርም ብዙ ተማሪዎች ይህን ይጠይቃሉ፣ ጥያቄያቸውም ይከበር። አጋር የባሕር አረም ነው፣ የሚቀልጠውም በ85 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ዕጣን፣ ሽቶና ሽምብራ (አይመከሩም)

«ዕጣን ጓዳ ሲጨስ ሳሎን ይሸታል፣ ይህ ዲፍዩዥን ነው» ይባላል። ሽታውን የሚያደርሰው የአየሩ መንቀሳቀስ ነው። ፍጹም ጸጥ ባለ አየር በዲፍዩዥን ብቻ ቢሆን 3 ሜትር ለመድረስ ቀናት ይፈጅበት ነበር። ብርጭቆ ውሃ ላይ የተንጠባጠበ ቀለምም እንዲሁ፤ እንደ ጭስ እየተጥመለመለ የሚወርደው በክብደቱ ነው። የተዘፈዘፈ ሽምብራ ማበጡ ደግሞ ኦስሞሲስ ብቻ አይደለም፣ ደረቁ ስታርችና ፕሮቲን ውሃ ስለሚመጥጡ ነው። ከቤት ምሳሌ ከተፈለገ ጨው የተነሰነሰበት የቲማቲም ሰላጣ ውሃ ማውጣቱ ይሻላል።

ሙቀትና ውሃ፦ ለሁለቱ ከተሞች

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር፣ ሐረር 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ የሙቀታቸው ልዩነት በውጤት ላይ ይታያል። ከ20 ወደ 35 ዲግሪ ሲወጣ በውሃ ውስጥ ዲፍዩዥን ከ40 ከመቶ በላይ ይፈጥናል፣ በይበልጥ ውሃው ስለሚቀጥን። በሐረር ጠዋት የተሠራን ከድሬዳዋ ቀትር ጋር ማወዳደር ካስፈለገ የውሃው ሙቀት በቴርሞ ሜትር ተለክቶ አብሮ ይጻፍ።

የድሬዳዋ ውሃ ጨዋማ ማዕድን የበዛበት ነው፣ ጀበናና ማንቆርቆሪያ ሁሉ ይመሰክራል። ለድንቹ የሚያመጣው ለውጥ ከ0.2 ሞላር ስኳር አንጻር ኢምንት ስለሆነ አያሳስብም። ለከርከዴው ግን ቀለሙን ይለውጠዋል። ለዚያ የባትሪ ውሃ (ማዕድኑ የወጣለት ውሃ) ይገዛ። ሻጩ ጋ አጠገቡ የሚቀመጠው የባትሪ አሲድ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ ጽሑፉ ሳይነበብ አይወሰድ፣ ተማሪም ለዚህ አይላክ።

ፌት፣ በኮምፒውተር (ከ10 7)

በኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀውና ካርል ዋይማን በ2002 የመሠረተው ፌት (PhET) የሳይንስ ሙከራን በኮምፒውተር የሚያስመስል ነው፤ የዲፍዩዥን ማሳያው ነጻ ነው። ሁለት ዓይነት ቅንጣት፣ መሐል ላይ ግድግዳ፣ ቁጥር፣ ክብደት፣ መጠንና ሙቀት የሚቀየርበት። ትልቁ ጥቅሙ አንዲት ቅንጣት ብቻዋን ወዴት መሄድ እንዳለባት እንደማታውቅ ማሳየቱ ነው፤ በሁለቱም በኩል አሥር አሥር ብቻ አድርጎ ከዚያ ወደ መቶ ማሳደግ ይመከራል። ውሃ የለበትም፣ ስለዚህ ለኦስሞሲስ አይሆንም።

ቀይ ሽንኩርት፣ ሁሉን የሚዳኘው

ማይክሮስኮፕ ካለ ሞዴሎቹ ሁሉ በዚህ ይመርመሩ። የሐምራዊው ቅጠል የውጪ ቆዳ በምላጭ ተፈቅፍቆ በአንድ ጠብታ ውሃ ስላይድ ላይ ይዘርጋ፣ መሸፈኛ መስታወት ይከደንበት። ሐምራዊው ቀለም ሕዋሱን ሞልቶ ይታያል። ከመስታወቱ በአንዱ ጎን የ5 ከመቶ የጨው ውሃ ይንጠባጠብ፣ በሌላው ጎን ሶፍት ይደገፍ፤ ፈሳሹ ይሳባል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሐምራዊው ከግድግዳው ተላቆ ወደ መሐል ይሰበሰባል። ድንቹ በሚዛን የተናገረው ይኸው በዓይን ታየ። መብራት በሚቋረጥበት ትምህርት ቤት በመስታወት ብርሃን የሚሠራው ማይክሮስኮፕ ተመራጭ ነው፤ የስልክ ካሜራ ዓይን መሰኪያው ላይ ሲደገፍ ክፍሉ በሙሉ ያያል።

ንጹሕ ውሃ በዚያው መንገድ ሲሳብ ቀለሙ ተመልሶ ሕዋሱን መሙላት አለበት። ካልተመለሰ ጨዉ በዝቷል ወይም ረጅም ቆይቷል፣ ሕዋሱም ሞቷል። ቀለሙ ወደ ውጭ ከፈሰሰ ደግሞ ሜምብሬኑ ተቀዷል፤ አዲስ ቆዳ ተወስዶ ጨዉ ወደ 3 ከመቶ ዝቅ ብሎ ይደገም።